ስለ ሪፈራልና ስለ ሕክምና ሪከርድ ጠይቁኝ

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ የምሠራ ፊዚካል ቴራፒስት ነኝ። አደራ፣ ስትጠይቁ ስቴታችሁንና ኢንሹራንሳችሁን ጻፉ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፦ ወገቤን ያመኛል። ያለ ሐኪም ሪፈራል (መላኪያ ወረቀት) ፊዚካል ቴራፒስት ጋ መታየት እችላለሁ?

መልስ፦ ሜሪላንድ ከእ.ኤ.አ. 1979 ጀምሮ ትፈቅዳለች። ዛሬ በ50ውም ስቴት ያለ ሪፈራል መታየት ይቻላል፤ የሚለያዩት በገደቡ ነው። ካሊፎርኒያ 45 ቀን ወይም 12 ጊዜ ትላለች፣ ቀድሞ የሞላው ይቆጠራል። ኒውዮርክ 30 ቀን ወይም 10 ጊዜ ነው። ቴክሳስም የቀን ገደብ አላት። ግን ልብ በሉ፦ ሕጉ ፈቀደ ማለት ኢንሹራንሱ ይከፍላል ማለት አይደለም። ከቀጠሮው በፊት በካርዳችሁ ጀርባ ባለው ቁጥር ደውሉ።

ከአሌክሳንድሪያ፦ እናቴ ሜዲኬር አላት። ክሊኒኩ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አልቀበልም አለ። ልክ ነው?

መልስ፦ መደበኛው ሜዲኬር፣ በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው የፌዴራል መንግሥት ኢንሹራንስ፣ ለመጀመሪያው ቀን ሪፈራል አይጠይቅም። የሚጠይቀው ቴራፒስቱ ያወጣውን የሕክምና ዕቅድ ሐኪም እንዲያጸድቀው ነው። ከ2025 ወዲህ ግን ሐኪሙ የፈረመበት ትእዛዝ ፋይሉ ውስጥ ካለ፣ ዕቅዱም በ30 ቀን ውስጥ ለሐኪሙ መላኩ ከታወቀ፣ ለመጀመሪያው ማጽደቂያ ሌላ ፊርማ አይጠበቅም። ትእዛዝ ከሌለ ሐኪሙን ለፊርማ ማሳደድ ነው። ክሊኒኩ ቀድሞ ትእዛዝ የሚፈልገው ለዚህ ነው። ሜዲኬር አድቫንቴጅ፣ ማለትም በግል ኢንሹራንስ ኩባንያ በኩል የሚሰጠው፣ ከሆነች ደንቡ ሌላ ስለሆነ ኢንሹራንሷን ጠይቂ።

ስም የለም፦ ጉልበቴ ያብጣል። ምን ልሥራ?

መልስ፦ ሳላይህ አልመልስም። ቀጣይ።

ከአትላንታ፦ ሪከርዴን ጠየቅሁ። «ቀሪ ሂሳብህን ካልከፈልክ አንሰጥም» አሉኝ።

መልስ፦ ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ዕዳ አለብህ ብሎ ሪከርድ መከልከል አይቻልም። የ1996ቱ የፌዴራል ሕግ፣ ሂፓ የምንለው፣ ቅጂውን የማግኘት መብት ይሰጥሃል። ጥያቄህ ከደረሳቸው 30 ቀን አላቸው። ካልቻሉ ምክንያቱን በጽሑፍ ነግረውህ አንዴ ብቻ 30 ቀን ይጨምራሉ። የኮፒና የፖስታ ወጪ ሊያስከፍሉ ይችላሉ፤ «ፋይሉን ፈልገን ያወጣንበት» ብለው ግን አያስከፍሉም። በቃል አትጠይቅ። በጽሑፍ ጠይቅ፣ ቀን ጻፍበት፣ ቅጂውን ያዝ። እምቢ ካሉ በፌዴራሉ የጤና መሥሪያ ቤት ሥር ላለው የሲቪል መብቶች ቢሮ በ180 ቀን ውስጥ አቤት በል።

ነርስ ነኝ፦ ቢሆንም ፋይሉ የክሊኒኩ ንብረት ነው።

ከአትላንታ፦ እንዴት ሆኖ! ገንዘብ የከፈልኩበት፣ ስለ እኔ የተጻፈ።

ከዴንቨር፦ አገር ቤት ካርዳችንን ይዘን ከክፍል ክፍል እንዞር የለ?

ነርስ ነኝ፦ መጨረሻ ላይ ካርድ ክፍል ይመለሳል እንጂ ቤትህ ይዘኸው አትሄድም።

መልስ፦ በዚህ አትጣሉ። ዋናው ክሊኒኩ ጋ ይቀመጣል፣ ቅጂው ያንተ መብት ነው። ወደ ጥያቄው እንመለስ።

አዲስ ቴራፒስት፦ ኢንሹራንስ ኖቴን (የሕክምና ማስታወሻዬን) እያየ ክፍያ ከለከለኝ። ምን ጎደለው?

መልስ፦ ይህን በደንብ ልመልስ። ያልተጻፈ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። «ታካሚው ደህና ነው፣ ሕክምናው ይቀጥል» ብለህ ከጻፍክ ማን ይከፍልሃል? እንዲህ ጻፍ፦ «ቀኝ ጉልበት 95 ዲግሪ ይታጠፋል፣ ባለፈው ሳምንት 80 ነበር። ደረጃ ሲወርድ አሁንም መደገፊያ ይይዛል። ሥራው ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለም።» እንዲህ ሲጻፍ የሚያነበው ሰው ሕክምናው ለምን እንዳስፈለገ ይገባዋል። ለሜዲኬር ታካሚ ቢያንስ በየ10 የሕክምና ቀኑ የእድገት ሪፖርት አለ፤ እንዳታሳልፈው። የትናንትናውን ኖት ገልብጠህ አትለጥፍ። ስህተት ካገኘህ አታጥፋ፤ ማረሚያውን የዛሬውን ቀን ጽፈህ ጨምር። ቀን ወደኋላ ጽፈህ ከተያዝክ ፈቃድህ አደጋ ላይ ነው።

ከዳላስ፦ ሪፈራል ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም?

መልስ፦ ቴክሳስን ከላይ ጽፌዋለሁ። ኢንሹራንስህን አልጻፍክም። መጀመሪያ ካርድህን አይተህ ደውል።

ክሊኒክ ልከፍት ነው፦ ታካሚ ለሚልክልኝ ሐኪም ትንሽ ኮሚሽን ብሰጥስ?

መልስ፦ የሜዲኬር ወይም የሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ የሚሰጠው የመንግሥት ኢንሹራንስ) ታካሚ ከሆነ የፌዴራል ወንጀል ነው። ለሌላውም አትሞክረው።

ከሲያትል፦ የመኪና አደጋ ደርሶብኝ ጠበቃ ይዣለሁ። ሪከርዴን ዝም ብለው ይልኩለታል?

መልስ፦ አንተ ካልፈረምክ አይልኩም። ለሕክምናህ ሲባል ከቴራፒስት ወደ ሐኪም ሲላክ ግን ሂፓ ያንተን ፊርማ አይጠይቅም።

ከፌርፋክስ፦ ለእናቴ የሚያስተረጉምላት የ12 ዓመት ልጄ ነው። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው እንጂ። ልጁ የሕመሙን ዓይነት በትክክል ካላስተረጎመ፣ የተሳሳተው ነገር ሪከርዷ ውስጥ ይገባል። «ሲደነዝዘኝ» ያለችው «ሲያመኝ» ተብሎ ሲጻፍ አይቻለሁ፤ ለቴራፒስት ሁለቱ በጣም የተለያዩ ናቸው። ከሜዲኬርና ከሜዲኬይድ ክፍያ የሚቀበል ክሊኒክ አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለበት፣ በስልክም ቢሆን። ቀጠሮ ስታስይዢ «የአማርኛ አስተርጓሚ» በይና ፋይሏ ላይ አስጽፊው።