«ሲስተር፣ ልጄ ዘንድሮ ልጹም እያለች ነው፤ ምን ልበላት?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ሲስተር። አምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጄ 17 ዓመቷ ነው። በ2020 ትምህርት ቤት በኮሮና ሲዘጋ ገና 12 ነበረች። እኔ የአረጋውያን መንከባከቢያ ስለምሠራ ሥራ አላቆምኩም። እሷ ክፍሏን ዘግታ በላፕቶፕ ስትማር ትውላለች። መጀመሪያ ስፖርት አበዛች። ቀጥሎ እንጀራ ተወች። ከዚያ «ቅድም በልቻለሁ» ማለት መጣ። አኖሬክሲያ (ውፍረትን በመፍራት ምግብ የሚያስተው የአእምሮ ሕመም) ነው ተባለ። ሆስፒታል ተኛች፣ ቴራፒስት ተከታተለቻት፣ ተሽሏት ነበር። አሁን ሁዳዴ ሊገባ ሲል «እኔም እጾማለሁ» አለችኝ። ፊቷም የከሳ መሰለኝ። ልጄን እንዴት አትጹሚ እላለሁ? ደግሞስ ይህን ያመጣባት ኮሮና ነው ወይስ የእኔ ቤት አለመኖር?
እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ይህ በሽታ በዘር ያለ ተጋላጭነት፣ የልጅቱ ጠባይ፣ ጭንቀትና ምግብ መቀነስ ተደራርበው የሚያመጡት ነው። ኮሮናም ብቻውን አልፈጠረውም። መንገዱን ግን ጠረገለት።

በዚያ ጊዜ የታዳጊዎች ክፍል ነርስ ነበርኩ። የሚመጡት ልጆች ታሪክ ከልጅሽ ጋር ተመሳሳይ ነበር። ምሳ ከጓደኛ ጋር መብላት ቀረ። ስፖርት ቡድኑ ተበተነ። ልጅቷ ቀኑን ሙሉ ዙም ላይ የራሷን ፊት ስታይ ትውላለች። ስልኳ ደግሞ «ቤት ስትቀመጡ እንዳትወፍሩ» ይላታል። ሕክምናው ራሱ በቪዲዮ ሆነ። ካሜራ የሚያሳየው ፊት ነው፤ በሰፊ ሹራብ ውስጥ ያለውን ሰውነት አያሳይም፣ ሚዛን ላይም አያቆምም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በ2022 ባወጣው ሪፖርት፣ ከ12 እስከ 17 ዓመት ባሉ ልጃገረዶች ዘንድ በአመጋገብ መታወክ ምክንያት ድንገተኛ ክፍል የሚመጡት በወረርሽኙ ወቅት በእጥፍ ጨምረው ነበር። ልጅሽ ከእነዚያ አንዷ ናት።

በእኛ በጾመኞቹ ቤት ሌላም ነገር ነበር። የሜሪላንድ ትምህርት ቤቶች የተዘጉት ማርች 16 ነው፤ ሁዳዴ መሀል። በጾም ወቅት ቁርስ ያልበላችን ልጅ ማን «ለምን?» ይላታል? እንዲያውም «ጎበዝ» ትባላለች።

ስለዚህ ዘንድሮ አትጹም። ይህን ስልሽ ጾምን አቅልዬ አይደለም፤ እኔም እጾማለሁ። ለእሷ ግን ረሃብ ራሱ የበሽታው ማገዶ ነው። በ1944 እና 45 ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶች በፈቃደኝነት ለ6 ወር ያህል ምግባቸው ተቀነሰ። ቀጭን ለመሆን የፈለገ አልነበረም። ሆኖም ሐሳባቸው ሁሉ ምግብ ሆነ፤ የምግብ አሠራር መጽሐፍ የሚሰበስቡ ነበሩ፤ ከሰው ራቁ፤ ግልፍተኛ ሆኑ። ጤነኛውን እንዲህ ካደረገ፣ አንዴ በዚህ ያለፈችን ልጅ የት እንደሚያደርሳት አስቢው። ቤተ ክርስቲያናችን የታመመን ሰው ጹም ብላ አታስገድድም። የነፍስ አባታችሁ ጋ አብራችሁ ሂዱና ሕመሙን በስሙ ንገሯቸው። «አትጹሚ» የሚለው ቃል ከእሳቸው ሲመጣ የጥፋተኝነት ስሜቷ ይቀላል። ጸበልም ከፈለገች ትጠጣ፤ ግን ቁርስ አይቅርባት። ጸሎቱ፣ ስግደቱም ቢሆን ሐኪሟ ከፈቀደ፣ ምጽዋቱ አለላት።

አሁን ወደ ማዕድሽ። አንድ ትሪ ላይ አብሮ መብላት የምንወደው ነገር ነው፤ ለዚህ ሕመም ግን መሸሸጊያ ይሆናል። እንጀራውን ስትቆራርስ፣ ወጡን ስትነካካ፣ ለታናሽ ወንድሟ ስታጎርስ ትቆያለች፤ ትሪው ባዶ ይሆናል፣ እሷ ግን አልበላችም። ይህን ብዙ እናቶች ነግረውኛል። ለጊዜው ለብቻዋ በሳህን አንቺ አቅርቢላት፤ መጠኑን እሷ አትወስን። አጠገቧ ቁጭ በይ። ክርክር አትክፈቺ፤ ስለ ካሎሪም አታውሪ። «ይህ መድኃኒትሽ ነው፣ ጊዜ ውሰጂ» ይበቃል። አንቺ ሥራ ስትሆኚ አባቷ ወይም አክስቷ ትቀመጥ። ለንደን ሞድስሊ ሆስፒታል በ1980ዎቹ የተጀመረው የቤተሰብ ሕክምናም ወላጅ ምግቡን በእጁ እንዲይዝ ነው የሚያደርገው። ቴራፒስቷ ይህን ታውቀዋለች፤ አሁኑኑ ደውዪላት።

ዘመዶችሽን ደግሞ አስቀድመሽ አነጋግሪ። «ወፈርሽ»፣ «ከሳሽ» የሚል ሰላምታ በሯን አያንኳኳ። «አሁንማ አማረብሽ፣ ሞላ አልሽ» የሚለውም ለእሷ ምርቃት አይደለም። በደግ ልብ የተባለ አንድ ቃል የሳምንት ምሳ ሲያስዘልል አይቻለሁ።

ይህን መጽሔት እንዳስቀመጥሽ የሐኪም ቀጠሮ ያዢ። ክብደቷን ብቻ ዓይተው እንዳይለቋት። የልብ ምቷን፣ ተኝታና ቆማ የደም ግፊቷን፣ ኢኬጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ)፣ የደም ፖታሲየምና ፎስፈረስ እንዲያዩላት ጠይቂ። የወር አበባዋ ቀርቶ እንደሆነም ንገሪያቸው። ብዙ ቀን ሳትበላ ከቆየች ምግቡን በአንዴ አታብዢባት፤ ጭማሪው በሐኪም ክትትል ይሁን። ራሷን ከሳተች፣ ደረቷን ካመማት፣ ወይም ቁጭ ባለችበት የልብ ምቷ በደቂቃ ከ50 በታች ከሆነ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃት። መኖር አስጠላኝ ካለችሽ ቀንም ሌሊትም ራስን የማጥፋት ሐሳብ ላለባቸው ወደሚረዳው የአሜሪካ የስልክ መስመር 988 ደውዪ፤ አስተርጓሚ መጠየቅ ትችያለሽ።