ለፎቶ ብቻ የተቀላቀሉት ወጣቶች

ጥያቄ፦ እትዬ፣ የመስጊዱንና የቤተ ክርስቲያኑን ወጣቶች «እንተዋወቅ» ብለን ሰበሰብናቸው። ሽማግሌዎች መጥተው ስለ መከባበር ሰፊ ንግግር አደረጉ። ልጆቹ ግን ለየብቻ ተቀመጡ፤ የተቀላቀሉት ለፎቶ ብቻ ነው። ለሁለተኛው ቀጠሮ ከ30ዎቹ 6ቱ ብቻ መጡ። ምን አጠፋን?
የወጣቶች አስተባባሪ

መልስ፦ ልጄ፣ በንግግር መጀመራችሁ ነው። እኔም ወጣቶችን ማሰባሰብ በጀመርኩበት ዓመት አንደበተ ርቱዕ የሆኑትን መርጬ ስለ እምነታቸው እንዲናገሩ አደረግሁ። ሁሉም የእምነቱ ጠበቃ ሆኖ አረፈው። አንዲት ዝምተኛ ልጅ «እኔ እንደነሱ መናገር ስለማልችል አልመጣም» ያለችኝ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እ.ኤ.አ. በ1954 ሙዛፈር ሸሪፍ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኦክላሆማ ውስጥ 22 ወንዶች ልጆችን ለሁለት ከፍሎ አወዳደራቸው፤ ተጣሉ። አብረው ፊልም ቢያዩ፣ አብረው ቢበሉም ጠቡ አልበረደም። መብረድ የጀመረው ውኃ ተቋርጦባቸው፣ መኪና ቆሞባቸው፣ ካልተረባረቡ የማይወጡት ነገር ሲገጥማቸው ነው። ልብ በይ፣ እነዚያ ልጆች በሃይማኖት እንኳ አይለያዩም ነበር።

ስለዚህ ሥራ ስጧቸው። ለምሳሌ ታናናሾቻቸውን ያስጠኑ፤ አንድ ሙስሊምና አንድ ክርስቲያን እየተጣመሩ፣ ለተከታታይ ሳምንታት፣ ጥንዱ ሳይቀያየር። መሪነቱን አንድ ወገን ብቻ አይያዘው። ቀጠሮው ከጁምዓም ከቅዳሴም ጋር አይጋጭ።

ስለ እምነት መጠያየቁ በሥራው መሐል ራሱ ይመጣል። ያኔ «ሃይማኖታችሁ ምን ይላል?» ሳይሆን «አንተ እንዴት ትጸልያለህ?» ብለው እንዲጠይቁ አለማምጃቸው። ስለ ራሱ የሚናገር ልጅ ማንንም መርታት አያስፈልገውም።

ወላጆችን አደራ። ብዙዎቹ የሚፈሩት ልጃቸው እምነቱን እንዳይለውጥ ነው፤ ይህ ፍርሃት የሚናቅ አይደለም። ሼኹም ቄሱም በተገኙበት፣ ማንም ማንንም እንደማይሰብክ አስቀድማችሁ ቃል ግቡላቸው። ሰልማ ሙሳ የተባለች ተመራማሪ ኢራቅ ውስጥ ክርስቲያንና ሙስሊም ተጫዋቾችን በአንድ የእግር ኳስ ቡድን አሰልፋ ያገኘችውን እ.ኤ.አ. በ2020 አሳትማለች። በሜዳው መቀራረብ ታየ፤ ከሜዳ ውጭ ግን ያን ያህል አልዘለቀም። ቤት ለቤት መጠያየቁን የሚፈቅዱት ወላጆች ናቸውና ከመጀመሪያው ቀን ጥሯቸው።

ለቀሩት 24 አትዘኚ። ለመጡት 6 ልጆች ዛሬውኑ ደውይላቸው፤ የሚሠሩትን ሥራ እነሱ ይምረጡ።