ወሬው እውነት ቢሆንስ? የጥያቄዎቻችሁ መልስ ከድሬ

ድሬዳዋ ጠበቃ ነኝ። ስለ ታዋቂ ሰዎችና ስለ ሐሜት ሚዲያ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጎረፈብኝ። ሙቀቱ በረድ ሲል ከዚራ ሰፈር ከዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ የቻልኩትን ያህል መለስኩ። የውጭዎቹ ዓመታት በፈረንጅ ናቸው።

ጋሼ፣ የተወራው እውነት ከሆነ የተወራበት ሰው በምን ይከሳል?

ግማሾቻችሁ የጠየቃችሁኝ ይህንኑ ነው። ስም ማጥፋት ሌላ፣ የሰው ጓዳ መግባት፣ ማለትም የግል ሕይወቱን ማውጣት፣ ሌላ። ስም አጠፋህ ተብሎ የተከሰሰ ሰው "እውነት ነው" ብሎ ካስረዳ ትልቅ መከላከያ አለው። ጓዳ ገባህ ለተባለው ግን እውነትነቱ አያድነውም፤ የሚያመውም እውነት ስለሆነ ነው። ሞዴሏን ናኦሚ ካምቤልን ውሰዱ። ዕፅ አልነካም ትል ነበር። በ2001 ሚረር ጋዜጣ ከሱስ ለመላቀቅ የምትሄድበትን ስብሰባ ጽፎ፣ ደጃፉ ላይ ያነሷትን ፎቶ ጨምሮ አወጣ። ያኔ የመጨረሻው ፍርድ ቤት እስከነበረው እስከ እንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት ደርሳ በ2004 በዳኞች ድምፅ 3 ለ2 አሸነፈች። ዋሽታለችና ውሸቷን ማጋለጥ ይቻላል፤ የሕክምናዋ ዝርዝርና ፎቶው ግን አይቻልም ተባለ። ካሳው 3,500 ፓውንድ!

ከሐረር፦ ይቺማ ለጋዜጣ ምኗ ናት?

ካሳዋ ምንም። ወጪው ነው ጉዱ። ጋዜጣው የእሷን የጠበቃ ወጪ ተካ ሲባል የተጠየቀው ከ1 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ነበር። በ2011 የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት በግል ሕይወቷ ላይ የተሰጠውን ፍርድ አልነካም፤ ለጠበቆቹ ስላሸነፉ የተጨመረላቸው ክፍያ ግን ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን ይጥሳል አለ።

አሜሪካ ደግሞ ባሰ። ጋውከር የሚባል ድረ ገጽ የነጻ ትግል ተጫዋቹን የሃልክ ሆገንን የመኝታ ቤት ቪዲዮ ለቀቀ፤ በ2016 140 ሚሊዮን ዶላር ተፈረደበትና ከሰረ። በኋላ በ31 ሚሊዮን ተስማሙ። ከጀርባ የክሱን ወጪ የከፈለው ቢሊየነሩ ፒተር ቲል ነው፤ እሱም በ2007 ጋውከር የግል ሕይወቱን አውጥቶበት ቂም ይዞ ነበር። ቪዲዮውን መልቀቃቸው ነውር ነው፣ አልከራከርላቸውም። ግን ቂም ያለው ሀብታም በሰው ክስ ተከልሎ ሚዲያ መዝጋት ከቻለ፣ ነገ የሚዘጋው የሐሜቱ ብቻ መሆኑን ማን ያውቃል?

እኛስ ጋ ሕግ አለ?

አለ እንጂ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን፣ በ29 ፕሬስን ይጠብቃል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 27 ያለ ሰው ፈቃድ ፎቶውን አታውጣ፣ አትሽጥ ይላል። ቀጣዩ አንቀጽ ለታዋቂ ሰው፣ ለባለሥልጣንና አደባባይ ላይ ለሆነ ነገር በር ይከፍታል።

አንዲት ልጅ ስልኳን ይዛ ቢሮዬ መጣች፤ መስታወቱ የተሰነጠቀ ነው። ሰርጓ ላይ እናቷን አቅፋ ስታለቅስ የተቀረጸውን፣ ቀራጩ "በግድ የተዳረችው ሙሽራ" ብሎ ቲክቶክ ላይ ለጥፎታል። ልጅቷ ታዋቂ አይደለችም፣ ማንም አላስገደዳትም። ማስጠንቀቂያ ጻፍን፣ በማግስቱ አወረደው።

ባለሥልጣን የሕዝብ ብር ቢበላስ፣ የግል ጉዳዬ ይላል?

ይበል። ብሩ የእሱ አይደለማ። ማስረጃ ይዛችሁ ጻፉ።

የአንዲት ዘፋኝ ስም ተጠቅሶ፦ እውነት ተፋታች እንዴ?

አቦ! ይህን ሁሉ ጽፌ?