በማዮፒያ መቆጣጠሪያ ሌንስ ጠርዝ ላይ ስላለው ብዥታ፦ ጥያቄና መልስ

የልጆችን መነጽር የምለካ ኦፕቶሜትሪስት እንደመሆኔ፣ ማዮፒያ (የሩቁን አጥርቶ አለማየት) በልጆች ላይ እንዳይባባስ ስለሚያዘገዩት ስለእነዚህ ሌንሶች የቡድናችን አባላት የምትጠይቁኝን ዛሬ እመልሳለሁ። የዋጋ ጥያቄ ግን አልቀበልም።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ እናት፦ ዙሪያው ብዥ ካለ ልጄ ትምህርቱን እንዴት ይከታተላል?

መልስ፦ የሆንግ ኮንግ ፖሊቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ከሌንስ አምራቹ ሆያ ጋር የሠራውን ማዮስማርት የተባለ ሌንስ እንመልከት። መሃሉ 9 ሚሊ ሜትር ገደማ ጥርት ያለ ሲሆን፣ ዙሪያውን +3.50 ዲዮፕተር (የሌንስ ጉልበት መለኪያ) የተጨመረባቸው ወደ 400 የሚጠጉ ጥቃቅን ሌንሶች ከበውታል። በእነርሱ በኩል የሚገባው ብርሃን ከሬቲናው (ከዓይን ጀርባ ብርሃን ከሚቀበለው ስስ ሽፋን) ፊት ስለሚሰበሰብ፣ የዓይን ኳሱ እንዳይረዝም ምልክት ይሰጣል ተብሎ ይታመናል። በመካከላቸው ያለው ክፍተት የልጁን የራሱን የመነጽር ቁጥር ስለያዘ፣ ጠርዙ ቢደበዝዝም ማየት አይከለክልም። ልጁ በመሃሉ ሲያይ ጥቁሩን ፊደል በነጭ ወረቀት ላይ እንደ ተራ መነጽር ያነባል፤ የሚቸገረው በጠርዙ በኩል ፈዘዝ ያለ ጽሑፍ ሲያይ ነው። ስለዚህ ፍሬሙ ሳይስተካከል በሌንሱ ላይ አትፍረዱ። በቅርቡ ሌንሱ አልተስማማኝም ያለች ልጅ መጥታ ስለካት፣ የሌንሱ መሃል ከብሌኗ 5 ሚሊ ሜትር ወርዶ አገኘሁት። ሰሌዳውን የምታነበው በብዥታው ውስጥ ነበር፤ የአፍንጫ መደገፊያውን ብቻ አስተካክዬ ሰደድኳት።

አንድ አባል፦ ደረጃ ሲወርድስ?

መልስ፦ ወደ ታች ሲያይ እይታው በጠርዙ ስለሚያልፍ አንገቱን ዝቅ ማድረግ ይልመድ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አብራችሁት ውረዱ።

ሌላ አባል፦ ለእኔ ልጅ ይሆናል?

መልስ፦ ዕድሜውን፣ ቁጥሩን፣ በዓመት ስንት እንደጨመረ ሳይነግሩኝ ምን ብዬ ልመልስ?

ሦስተኛ አባል፦ ይህ ሁሉ ንግድ ነው፤ ልጆችን ውጭ ማጫወት ይበቃል።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ እናት፦ የእኔ ልጅ ቀኑን ሙሉ ውጭ ሲጫወት ነው ያደገው፤ ቁጥሩ ግን መጨመሩን አላቆመም።

መልስ፦ ውጭ መዋል በዋናነት የሚረዳው ማዮፒያ እንዳይጀምር ነው። በ2020 በታተመው የሆንግ ኮንግ ጥናት፣ ከ8 እስከ 13 ዓመት የሆናቸው ልጆች ሌንሱን ለሁለት ዓመት ሲያደርጉ፣ የማዮፒያቸው መባባስ ተራ መነጽር ካደረጉት በ52 በመቶ፣ የዓይናቸው መርዘም በ62 በመቶ ያነሰ ነበር። ማዘግየት ነው እንጂ ማስቆም አይደለም። እባካችሁ ወደ ብዥታው እንመለስ።

አራተኛ አባል፦ ማዮፒያን ለማዘግየት የሚሰጠው የአትሮፒን የዓይን ጠብታስ?

መልስ፦ የዓይን ሐኪማችሁን ጠይቁ።

አምስተኛ አባል፦ ልጄ ጠርዙ ደበዘዘብኝ ይላል፤ ሌንሱ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ፤ እንዲደበዝዝ ሆኖ የተሠራ ነው። ፊት ለፊት ሲያይም ከደበዘዘበት ግን መነጽሩን ብቻ ሳይሆን ልጁንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ባለሙያው መነጽሩ ፊቱ ላይ እንዳለ የብሌኑን ቦታ በሌንሱ ላይ ምልክት አድርጎ ከጥርት ያለው ክፍል መሃል ጋር ያመሳክር።

አንድ አባት፦ ለትምህርት ሰዓት ብቻ ቢያደርገውስ?

መልስ፦ አይበቃም። ሌንሱ የሚሠራው ዓይኑ ላይ ባለበት ሰዓት ነው፤ እያወለቁ ማጥለቅ ደግሞ ብዥታውን መልመዱን ያዘገየዋል። ከእንቅልፉ ሲነቃ ያድርገው፤ ሲተኛ ያውልቀው።