ከአያቴ ስም በላይ መቁጠር አቃተኝ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አባቴ ባለፈው ዓመት አረፈ። ልጄ ትምህርት ቤት የዘር ሐረግሽን ሠርተሽ አምጪ ስትባል ፓስፖርቴ ላይ ካለው ከአያቴ ስም በላይ የምላት አጣሁ። የክፍል ጓደኞቿ በሕዝብ ቆጠራ መዝገብና በመቃብር ድንጋይ ብዙ ትውልድ ወደኋላ ይሄዳሉ። የአባቴ አገር ጎጃም፣ ደብረ ማርቆስ አካባቢ ነው። የኛ ቆጠራ መዝገብ ይገኛል? ወይስ ሄጄ መቃብር ልፈልግ?

መልስ፦ እህታችን፣ አባትሽን ነፍስ ይማር፣ አንቺንም ያጽናሽ።

ቆጠራው ላይ ጊዜሽን አታጥፊ። አሜሪካ የእያንዳንዱን ሰው የቆጠራ ቅጽ ከ72 ዓመት በኋላ ለሕዝብ ይከፍታል፤ የልጅሽ ጓደኞች የሚያዩት እሱን ነው። የኛ የመጀመሪያው አገር አቀፍ ቆጠራ የተካሄደው በኛ አቆጣጠር በ1976 ነው፣ ከዚያ በ1987ና በ1999። የተሰበሰበውም ለስታቲስቲክስ እንጂ ስም ለመፈለጊያ አይደለም። የልደትና የሞት ምዝገባም ቢሆን በአገር ደረጃ ሥራ የጀመረው በ2008 ነው።

ጎጃም ግን ሌላ ነገር አለው፣ ርስት። ድሮ አንድ ሰው መሬት ይገባኛል ካለ መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት ጀምሮ እስከ ራሱ ድረስ ትውልዱን ቆጥሮ፣ በሽማግሌ ፊት ማስመስከር ነበረበት። የሚቆጠረው ደሞ በአባትም በእናትም ወገን ነው። ለዚህ ነው የገጠር አዛውንቶች ሐረጉን እንደ ዳዊት በቃላቸው የሚወጡት፣ እንጀራቸው ነበራ! በየካቲት 1967 የገጠር መሬት የመንግሥት ሲሆን የመቁጠሩ ምክንያት ቀረ፣ ያኔ የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ የነበረው ሰው ዛሬ ሰማንያ ደርሷል። ስለዚህ ከመዝገብ በፊት ሰው። የአባትሽ እህት ወይም የአጎት ልጅ አገር ቤት ካሉ ዛሬውኑ ደውዪ፣ ድምፃቸውንም ቅጂ።

አጠያየቁም ወሳኝ ነው። «ቅድመ አያቴ ማን ይባላሉ?» ስትያቸው አንድ ስም ሰጥተውሽ ዝም ይላሉ። «ርስታችን በማን ነበር የሚቆጠረው? ከነማን ጋር ተሟገታችሁ?» በያቸው፣ ከዚያ ወሬው ራሱ ይመጣል። ሠርግ ሲመጣ ዝምድና እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥሩት ሽማግሌ ማን እንደሆኑም ጠይቂ። አንድ ነገር ግን ልብ በይ፦ ለክርክር የተቆጠረ ትውልድ አንዳንዴ ለተከራካሪው እንዲመች ተደርጎ ይቆጠር ነበር፣ ስለዚህ ከሌላኛውም ወገን ስሚ። ሴት አያቶችሽን ደግሞ አትዝለያቸው። የኛ ሴቶች ሲያገቡ የባል ስም አይወስዱም፣ የአያትሽ የእናት ስም ከነአባቷ ከተገኘ አዲስ ሐረግ ተከፈተልሽ ማለት ነው።

ቤት ውስጥ ደግሞ ሣጥን ይፈተሽ። የድሮ የመሬት ግብር ደረሰኝ፣ የውርስ ፍርድ ግልባጭ፣ የዕድር ደብተር፣ ምንም ነገር። ደረሰኝ ከተገኘ ግብሩ በማን ስም እንደተከፈለ እዪ፣ ከከፋዩ በፊት የነበረ ሰው ስም ሊሆን ይችላል።

መቃብሩን በተመለከተ፣ በገጠር ደብር አብዛኛው መቃብር የድንጋይ ክምር እንጂ ጽሑፍ የለበትም። ቄሱን ስትጠይቂ በዓለም ስማቸው ብቻ ከሄድሽ ላያውቋቸው ይችላሉ፣ ምክንያቱም ፍትሐት የሚደረገው በክርስትና ስም ነው። ወልደ እገሌ ይሁኑ ገብረ እገሌ፣ ሴቶቹም ወለተ እገሌ፣ ከዘመድ አስቀድመሽ አጣሪ። ጽሑፍ ያለው ድንጋይ ከገጠመሽ ዓመቱ በግዕዝ ቁጥር ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ ፲፱፻፳፰ ካለ 1928 ነው፣ የማይጨው ጦርነት ዓመት፣ እና ሟቹ ወንድ ከሆኑ ዘምተው ነበር ወይ ብለሽ መጠየቅ አለብሽ። ግራዝማች ወይም ፊታውራሪ የሚል ማዕረግ ካለበትም ጻፊው፣ አዲስ አበባ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ያሉ የድሮ ደብዳቤዎችን ለማስፈለግ ከስሙ በላይ ይረዳል።

ለልጅሽ ስትጽፊላት ዘመኑን በሁለቱም አቆጣጠር አስቀምጪ፣ የሰባት ስምንት ዓመቱ ልዩነት በኋላ ሰው ያሳስታል። የደብሩን ስም ካገኘሽ መልሰሽ ጻፊልን፣ ከዚያ አካባቢ የሆነ አንባቢ ካለን እናገናኝሻለን።