ከሀዋሳ በትንሽ ብር ወደ ባሌ

ወንድሜ፣ «ከሀዋሳ ተነስቼ በትንሽ ብር ተራራም ታሪክም የት ልይ?» ላልከው፣ ባሌ ሂድ። በጠዋት ሻሸመኔ ግባና የሮቤ መኪና ያዝ። መታወቂያህን አትርሳ፣ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ለኢትዮጵያዊ ቅናሽ አለው።

እኔ ሮቤ ሳልደርስ ዲንሾ ነው የወረድኩት። ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ሳልርቅ የደጋ አጋዘን ጥድ ስር ቆሞ ሲያመሰኳ አየሁ። ቀንዱ ጥምዝምዝ ያለ፣ እኔን ከቁብም አልቆጠረኝ። ቀይ ቀበሮ ካማረህ የፓርኩ ከፍተኛ ሜዳ ሳነቴ ነው፤ መኪና ስለሚፈልግ ከሌሎች ጋር ተዳበል። እዚያ ያለው የቱሉ ዲምቱ ተራራ 4,377 ሜትር ነው፣ ያለ ጋቢ እንዳትሞክረው!

ለታሪኩ ሶፍ ዑመር ዋሻ አለልህ። የዌብ ወንዝ ውስጡን ሰንጥቆ ያልፋል፣ ሙስሊሞችም እንደ ቅዱስ ስፍራ ያከብሩታል።

ብሩ ካልበቃ? እዚያው ሀዋሳ ማለዳ ታቦር ተራራ ውጣ፣ ስትወርድ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣህን ብላ።