ቁልፉን ከመቀበላችሁ በፊት

በየወሩ ማለት ይቻላል፣ ከሊድስ፣ ከሼፊልድ ወይም ከማንቸስተር አንድ ወገን ይደውልልኝና «ሱቅ ልከፍት ነው፤ ቁልፉን ትናንት ተቀበልኩ» ይለኛል። ምን ዓይነት ውል እንደፈረመ ስጠይቀው የሚነግረኝ የኪራዩን መጠን ብቻ ነው። በሰሜን እንግሊዝ ከተሞች ግን ባለሱቅን ብዙውን ጊዜ የሚጥለው ኪራዩ ሳይሆን ከኪራዩ ጋር የተሸከመው ግዴታ ነው።

የራሴን ልናገር። እኔና ባለቤቴ በዮርክሻየር በምትገኝ አንዲት ትንሽ ከተማ ሱቅ ስንከራይ፣ ዋጋው ርካሽ መሆኑን ብቻ አይተን ለ10 ዓመት ፈረምን። ውሉ «ፉል ሪፔሪንግ ኤንድ ኢንሹሪንግ» የሚባለው፣ የሕንፃውን እድሳትና የመድን ወጪ በተከራዩ ላይ የሚጥለው ዓይነት መሆኑ የገባን፣ ጣሪያው አፍስሶ ከበርበሬው ጆንያ አጠገብ ባልዲ በደቀንን ሌሊት ነው። አከራዩ ዘንድ ብንደውል «ውላችሁን አንብቡ» አለን፤ ልክ ነበር፤ ጥፋቱ የእኛ ነው። በዓመቱ የደረሰን የእቁብ ዕጣ በሙሉ ጣሪያው ላይ ዋለ።

ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት የንግድ ቤት ኪራይ የሚያውቅ የራሳችሁን ጠበቃ አማክሩ፤ የአከራዩ ጠበቃ የእናንተ ጠበቃ አይደለም። ቤቱ ያለበትን ሁኔታ በፎቶግራፍ የሚመዘግብ ሰነድ ከውሉ ጋር እንዲያያዝ፣ እናንተም ቤቱን ከተረከባችሁበት ሁኔታ አሻሽላችሁ እንድትመልሱ እንዳትገደዱ በግልጽ እንዲጻፍ ጠይቁ። ንግዱ ካልሆነላችሁ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት የምትወጡበትን አንቀጽ፣ ማለትም «ብሬክ ክሎዝ» የሚሉትን፣ አስገቡ። የ1954ቱ የአከራይና ተከራይ ሕግ ውሉ ሲያበቃ እንዲታደስላችሁ የመጠየቅ መብት ይሰጣችኋል፤ ይሁን እንጂ ብዙ አከራዮች ይህን መብት እንደተዋችሁ የሚያረጋግጥ ወረቀት ለብቻው ያስፈርማሉና፣ ስትፈርሙ ምን እንደምትተዉ እወቁ።

ከሁሉም የሚሻለው ግን ሱቅ ከመከራየት በፊት በገበያ አዳራሽ ውስጥ ባለ መደብ መጀመር ነው ባይ ነኝ። የሰሜን ከተሞች ትልቁ ሀብት ጣሪያ ያላቸው የገበያ አዳራሾች ናቸው፤ የሊድሱ ከርክጌት፣ የበሪ ገበያ፣ የሼፊልዱ ሙር ገበያ። የመደብ ውል አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው፤ የሕንፃው ጣሪያም የእናንተ ራስ ምታት አይሆንም። ማይክል ማርክስ የተባለው፣ ከዛሬዋ ቤላሩስ የተሰደደና እንግሊዝኛው ገና ያልሰላ አይሁዳዊ፣ በ1884 በከርክጌት ገበያ ሁሉንም ዕቃ በአንድ ፔኒ የሚሸጥበት መደብ ዘረጋ፤ ዋጋው አንድ ስለሆነ በማያውቀው ቋንቋ መከራከር አላስፈለገውም። ከአሥር ዓመት በኋላ ከቶማስ ስፔንሰር ጋር ተሻርኮ ማርክስ ኤንድ ስፔንሰር የተባለውን ዛሬ ታላቅ የሆነ የሱቆች ድርጅት መሠረተ። የሱፐርማርኬቱ የሞሪሰንስም ጅማሬ በ1899 በብራድፎርድ ገበያ እንቁላልና ቅቤ ይሸጥ የነበረ መደብ ነው።

መደብ ሌላም ያስተምራል። የሐበሻ ደንበኛ በወር አንዴ በመኪና መጥቶ በርበሬና ጤፍ ጭኖ ይሄዳል፤ ኪራይ የሚከፍለው ግን በየሁለት ቀኑ ሽንኩርትና ዳቦ የሚገዛው ጎረቤት ነው። «ላቭ» (ውዴ እንደማለት) እያሉ የሚጠሯችሁ አሮጊት አንድ ማንኪያ ሽሮ ቀምሰው በሳምንቱ ጓደኛቸውን ይዘው ይመለሳሉ፤ እነዚህ ሰዎች ምርቃት ስትጨምሩላቸው እንደ እኛ እናቶች ደስ ይላቸዋል።

መንገዱንም እዩት። ሜዶውሆል የተባለው ግዙፍ የገበያ ማዕከል በ1990 በሼፊልድ ዳር ሲከፈት የሼፊልድንና የሮዘራምን መሐል ከተማ ንግድ ጎድቷል፤ ባዶ ሱቆች በበዙበት መንገድ ኪራይ ሲረክስ ምክንያት አለው። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ እዚያው ቆማችሁ አላፊ አግዳሚውን ቁጠሩ። ዝናብ ከጣለ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ።

በንግድ ቤት ላይ የሚጣለውን፣ ቢዝነስ ሬት የሚባለውን ግብር በተመለከተ፣ አንድ ሱቅ ብቻ ካላችሁና ግብሩ የሚሰላበት የቤቱ ግምት («ሬተብል ቫልዩ» የሚሉት) ከ12,000 ፓውንድ ካልበለጠ በእንግሊዝ ምንም ላትከፍሉ ትችላላችሁ፤ ነገር ግን ለካውንስሉ፣ ማለትም ለአካባቢው አስተዳደር፣ ማመልከት አለባችሁ። ምግብ የምትሸጡ ከሆነ ከመክፈታችሁ 28 ቀን በፊት እዚያው ካውንስል ተመዝገቡ።

የቤተሰብ ሱቅ የሚቆመው በቤተሰብ ጉልበት ነው፤ ሕጉ ግን እዚህም ይገባል። በግዴታ ትምህርት ዕድሜ ላይ ያለ ልጃችሁ ገንዘብ መቀበያው ላይ ለመቀመጥ የካውንስል ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ በትምህርት ቀን ከሁለት ሰዓት በላይ መሥራትም አይፈቀድለትም። የጥገኝነት መልሱን እየጠበቀ ያለ፣ የመሥራት ፈቃድ የሌለው ወንድም «ልርዳችሁ» ብሎ ቢመጣ፣ አሳዝኖን ሥራ ብንሰጠው ቅጣቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥፋት እንኳ በአንድ ሰው እስከ 45,000 ፓውንድ ይደርሳል፤ የእሱንም ጉዳይ ያበላሻል። ቡናውን ጠጥቶ፣ እንጀራውን ይዞ ይሂድ እንጂ ሳህን አያጥብ።